የትግልና የተቃውሞ መታሰቢያ ቀናት በስድስት ኪሎና በጉለሌ አካባቢ

በስድስት ኪሎና በጉለሌ አካባቢ የሚታሰቡ የትግልና የተቃውሞ ቀናት በ20ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜናዊ አዲስ አበባ የተፈጸሙ ወይም ከአካባቢው የተነሡ የሕዝባዊ እምቢተኝነት፣ የተማሪዎች እንቅስቃሴና የሠራተኞች አድማ ዕለቶች ናቸው። ዋና ዋናዎቹ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት፣ ታኅሣሥ 19 እና 20 ቀን 1962 ዓ.ም.፣ የካቲት 1966 ዓ.ም. እና ሚያዝያ 21 ቀን 1969 ዓ.ም. ናቸው። ሚያዝያ 23 ቀን የሚውለው ዓለም አቀፍ የሠራተኞች ቀን ከነዚህ ጋር አብሮ ይነሣል።

ቀናቱ በሁለት መንገድ ይታሰባሉ። አንዳንዶቹ የመንግሥት በዓል ወይም ይፋዊ መታሰቢያ ሆነው ሐውልት ቆሞላቸዋል፣ ሆስፒታልና ትምህርት ቤት ተሰይሞላቸዋል። ሌሎቹ ግን በቤተሰብና በትግል ጓዶች ዘንድ እንደ ሙት ዓመት ብቻ ይታሰባሉ። አንድ ቀን ከነዚህ ከሁለቱ ወደ አንዱ የሚሄደው በሞቱት ሰዎች ቁጥር ሳይሆን፣ ከድርጊቱ በኋላ ሥልጣን ላይ በቆየው ወይም ሥልጣን በያዘው ወገን ፈቃድ ነው።

አካባቢው

ጉለሌ ስሙን ያገኘው ከተማዋ ከመቆርቆሯ በፊት በአካባቢው ይኖር ከነበረው የኦሮሞ ጎሳ ነው። ዛሬ ከአዲስ አበባ ክፍለ ከተሞች አንዱ ሲሆን፣ በሰሜን እስከ እንጦጦ ጋራ ይዘልቃል። ስድስት ኪሎ የሚገኘው የጉለሌና የአራዳ ክፍለ ከተሞች በሚገናኙበት አካባቢ ነው። ከአደባባዩ ወደ ሰሜን የሚወጣው መንገድ በአሜሪካ ኤምባሲና በሽሮ ሜዳ አልፎ ወደ እንጦጦ ያቀናል።

በአደባባዩ ዙሪያ በእግር በጥቂት ደቂቃ የሚዳረሱ አራት ቦታዎች በዚህ ታሪክ ውስጥ ደጋግመው ይነሣሉ። እነዚህም የቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት (የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ)፣ የየካቲት 12 ሐውልት፣ የካቲት 12 ሆስፒታልና አፍንጮ በር ናቸው። ቤተ መንግሥቱ በተለያዩ ዘመናት የንጉሥ መኖሪያ፣ የፋሺስት እንደራሴ መቀመጫ፣ የታጋቾች መገደያና የተማሪዎች መሰብሰቢያ ሆኗል።

የካቲት 12 ቀን 1929

የፋሺስት ኢጣሊያ እንደራሴ ሮዶልፎ ግራዚያኒ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1937) የኢጣሊያ አልጋ ወራሽ ልጅ መወለዱን ምክንያት በማድረግ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ለድሆች ምጽዋት ያስከፋፍል ነበር። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የተባሉ ሁለት ወጣቶች በዚህ ሥነ ሥርዓት ላይ የእጅ ቦምብ ወረወሩበት። ግራዚያኒ ቆሰለ እንጂ አልሞተም።

ወዲያው በግቢው ውስጥ በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ተኩስ ተከፈተ። ቀጥሎ ጥቁር ሸሚዝ ለባሾችና ሌሎች ኢጣሊያውያን ለሦስት ቀናት በከተማዋ እየተዘዋወሩ ያገኙትን ሰው በጥይት፣ በጩቤና በዱላ ገደሉ። ጎጆዎችንም ከነነዋሪዎቻቸው አቃጠሉ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ሲያደርሰው፣ ጉዳዩን በስፋት ያጠናው ኢያን ካምቤል የተባለ ጸሐፊ ወደ 19,000 ያህል ይገምታል። ሁለቱ ወጣቶች ያመለጡት በደብረ ሊባኖስ በኩል ስለነበረ፣ በዚያው ዓመት ግንቦት የገዳሙ መነኮሳት በጅምላ ተገደሉ።

ከነፃነት በኋላ በስድስት ኪሎ አደባባይ የሰማዕታት ሐውልት ቆመ። ሐውልቱን የሠሩት አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች የተባሉ የዩጎዝላቪያ ቀራጮች ናቸው። ዕለቱ በየዓመቱ አርበኞች፣ የመንግሥት ባለሥልጣናትና የከተማዋ ነዋሪዎች በሚገኙበት የአበባ ጉንጉን በማኖር ይታሰባል። የካቲት 12 ከዚህ ገጽ ቀናት ሁሉ ይልቅ መንግሥታት ሲለዋወጡ ሳይለወጥ የቆየ ነው። ገዳዩ የውጭ ወራሪ ስለነበረ ንጉሡም ደርግም ኢሕአዴግም ዕለቱን የራሳቸው አድርገው ለማክበር አልተቸገሩም።

ታኅሣሥ 1953

ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 13 ቀን 1960) አጼ ኃይለ ሥላሴ ለጉብኝት ውጭ አገር ሳሉ፣ የክብር ዘበኛ አዛዥ የነበሩት ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ ሥልጣን ለመያዝ ተነሡ። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ተማሪዎች ለውጡን ደግፈው ሰልፍ ወጡ። ይህም ተማሪዎች በአደባባይ ከፖለቲካ ወገን ቆመው የታዩበት የመጀመሪያው አጋጣሚ ነበር።

ጦር ሠራዊቱ ለንጉሡ ታማኝ ሆኖ በመቆየቱ ከተማው ውስጥ ውጊያ ተነሣ፤ መፈንቅለ መንግሥቱም በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሸፈ። ጠንሳሾቹ ከመሸሻቸው በፊት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አረንጓዴ ሳሎን ይዘዋቸው የነበሩ መኳንንትና ሚኒስትሮች ተገደሉ። ከሟቾቹ መካከል ራስ አበበ አረጋይና ራስ ሥዩም መንገሻ ይገኙበታል። ገርማሜ በሽሽት ላይ ሕይወቱ አለፈ። ጄኔራል መንግሥቱ ቆስለው ከተያዙ በኋላ ለፍርድ ቀርበው መጋቢት 21 ቀን 1953 ዓ.ም. በስቅላት ተቀጡ።

ንጉሡ ከዚያ ወዲያ በገነተ ልዑል አልኖሩም። ቤተ መንግሥቱን ለትምህርት ሰጥተው በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ሆነ። በዚህ ውሳኔ ምክንያት በሚቀጥሉት ዓመታት ዙፋኑን የሚቃወሙት ተማሪዎች የተሰበሰቡት በራሱ በዙፋኑ የቀድሞ ቤት ነበር። የታኅሣሥ 1953 ዕለት ይፋዊ በዓል ሆኖ አያውቅም። በአንድ በኩል ታጋቾች የተረሸኑበት፣ በሌላ በኩል የለውጥ ጥያቄ የተነሣበት ቀን በመሆኑ አንድ መንግሥት እንኳ ሙሉ በሙሉ የራሱ ሊያደርገው አልቻለም።

ከ«መሬት ለአራሹ» እስከ ታኅሣሥ 20 ቀን 1962

በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» የሚል መፈክር ይዘው ወደ ፓርላማ ሰልፍ ወጡ። ጥያቄው ከእርሻው ምርት ከፊሉን ለባለ መሬት የሚገብረውን ጭሰኛ የሚመለከት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰልፍ የዓመቱ ትምህርት አካል እስኪመስል ድረስ ተደጋገመ።

በኅዳር 1962 ዓ.ም. ዋለልኝ መኮንን በተማሪዎቹ ጋዜጣ ላይ ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው ጽሑፍ ታትሞ ወጣ። ከዚያው ጽሑፍ ብዙም ሳይቆይ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 1969) ምሽት የተማሪዎቹ ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በአፍንጮ በር አካባቢ በጥይት ተመትቶ ተገደለ። በማግሥቱ ታኅሣሥ 20 ቀን ተማሪዎች አስከሬኑን ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ አምጥተው ለቀብር ሥነ ሥርዓት ሲሰበሰቡ የክብር ዘበኛ ወታደሮች ገብተው ተኮሱ። በርካታ ተማሪዎች ሞቱ፣ ሌሎችም ቆሰሉ። አስከሬኑም ከተማሪዎቹ እጅ ተወሰደ።

የታኅሣሥ 20 ግጭት መነሻው ቀብር መሆኑ ትርጉም አለው። ተማሪዎቹ የፈለጉት ሟቹን በአደባባይ አልቅሰው መሸኘት ነበር፤ መንግሥት የፈራውም ይህንኑ ልቅሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ታኅሣሥ 19 በተማሪዎች እንቅስቃሴ ውስጥ እንደ ሙት ዓመት ይታሰብ ጀመር። በአገር ቤትም ሆነ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የነበሩ የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማኅበራት ዕለቱን የቅስቀሳ ጊዜ አደረጉት።

የካቲት 1966 እና አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ

የኢትዮጵያ ሠራተኞች በማኅበር መደራጀት የጀመሩት በባቡር ኩባንያ፣ በወንጂ ስኳር ፋብሪካና በመሳሰሉት ትልልቅ ድርጅቶች ነው። የሠራተኛ ማኅበራትን የሚያውቅ ሕግ ከወጣ በኋላ በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር (ኢሠአማ) ተቋቋመ። ማኅበሩ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከመንግሥት ጋር ላለመጋጨት ተጠንቅቆ ይሠራ ነበር።

ይህን የለወጠው የ1966 ዓ.ም. የካቲት ነው። በዚያ ዓመት ጥር 4 ቀን በነገሌ ቦረና የሰፈሩ ወታደሮች በምግብና በውሃ ችግር ምክንያት አመፁ። የወሎ ረሃብም ሕዝቡን አስቆጥቶ ነበር። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1974) መምህራንና የታክሲ ነጂዎች በአንድ ቀን ሥራ አቆሙ። መምህራኑ የተቃወሙት «ሴክተር ሪቪው» የተባለውን የትምህርት ዕቅድ ነበር። ብዙ ወላጆች ዕቅዱ የድሀ ልጆችን ከዝቅተኛ ክፍል እንዳያልፉ ያግዳል ብለው ሠግተዋል። የታክሲ ነጂዎቹ ደግሞ ከዓለም የነዳጅ ቀውስ ጋር ተያይዞ የመጣውን የቤንዚን ዋጋ ጭማሪ ተቃወሙ።

ንጉሡ የቤንዚኑን ዋጋ ቀነሱ፤ የትምህርት ዕቅዱንም አዘገዩ። ነገር ግን ነገሩ አልበረደም፤ በየካቲት መጨረሻ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ። የካቲት 28 ቀን ኢሠአማ በአገሪቱ ታሪክ የመጀመሪያውን አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ። አድማው ለአራት ቀናት ያህል ቆይቶ መንግሥት የደመወዝ፣ የጡረታና የሠራተኛ ሕግ ጥያቄዎችን ለማየት ተስማምቶ ቆመ። ሚያዝያ 12 ቀን ደግሞ ሙስሊሞች የሃይማኖት እኩልነትን ጠይቀው በአዲስ አበባ ከታዩት ሰልፎች ሁሉ ትልቅ ከሚባሉት አንዱን አደረጉ።

ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡን ከሥልጣን ሲያወርድ፣ ኢሠአማ የሕዝብ መንግሥት እንዲቋቋም ጠየቀ። መሪዎቹ ወዲያው ታሰሩ። በ1968 ዓ.ም. ድርጅቱ እንዲፈርስ ተደረገ፤ በ1969 ዓ.ም. በምትኩ መንግሥት የሚቆጣጠረው የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር (መኢሠማ) ተመሠረተ። «የካቲት 66» ግን የደርግ የራሱ ስም ሆነ፤ የፖለቲካ ካድሬዎች የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት «የካቲት 66» ተባለ። አድማውን የጠራው ድርጅት ሲታገድ የአድማው ወር ስም በታገደበት መንግሥት እጅ ቀረ።

ሚያዝያ 21 እና ሚያዝያ 23

ዓለም አቀፍ የሠራተኞች ቀን መነሻው እ.ኤ.አ. በሜይ 1886 በአሜሪካ ቺካጎ የተደረገው የስምንት ሰዓት የሥራ ቀን ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1889 ፓሪስ ላይ የተሰበሰቡ የሶሻሊስት ፓርቲዎች ሜይ 1ን የሠራተኞች ቀን አደረጉት። በኢትዮጵያ ዕለቱ ሚያዝያ 23 ሲሆን፣ በደርግ ዘመን ይፋዊ የሕዝብ በዓል ሆነ። «ላብ አደር» እና «ወዛደር» የሚሉት ቃላትም በዚያው ዘመን በሰፊው ተለመዱ።

በ1969 ዓ.ም. በዚህ በዓል ዋዜማ የኢትዮጵያ ሕዝባዊ አብዮታዊ ፓርቲ (ኢሕአፓ) ደርግን የሚቃወም የወጣቶች ሰልፍ ጠራ። ሚያዝያ 21 ቀን (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 29 ቀን 1977) ሌሊት ወታደሮችና የቀበሌ አብዮት ጠባቂዎች በአዲስ አበባ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወጣቶችን ገደሉ። ብዙዎቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ። አስከሬኖች በየመንገዱ ተጥለው ታዩ።

በቀይ ሽብር ጊዜ ቤተሰብ ልጁን እንዳያለቅስ ይከለከል፣ አስከሬን ለመውሰድም የጥይት ዋጋ ይጠየቅ እንደነበር በስፋት ተመዝግቧል። በኢትዮጵያ ባህል ሟች 40ው፣ ሙት ዓመቱና ሰባት ዓመቱ ይታሰብለታል። የልጁ ቀብር የት እንደሆነ ያላወቀ ወላጅ ግን ከየትኛው ቀን እንደሚቆጥርም አያውቅም ነበር። የሠራተኞች በዓል ሚያዝያ 23 ቀን በመስቀል አደባባይ (በወቅቱ አብዮት አደባባይ) ሲከበር፣ ሚያዝያ 21 በብዙ ቤት ውስጥ በዝምታ አለፈ። ለቀይ ሽብር ሰማዕታት ይፋዊ መታሰቢያ ሙዚየም በመስቀል አደባባይ የተከፈተው በ2002 ዓ.ም. ነው።

ከ1983 በኋላ

ከመንግሥት ለውጡ በኋላም ስድስት ኪሎ የተቃውሞ ስፍራ ሆኖ ቀጥሏል። ታኅሣሥ 26 ቀን 1985 ዓ.ም. በኤርትራ ሪፈረንደም ጉዳይ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች የወጡት ሰልፍ በተኩስ ተበተነ። በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. ተማሪዎች ፖሊስ ከግቢ እንዲወጣና ማኅበራቸው በነፃነት እንዲሠራ ጠይቀው የጀመሩት ተቃውሞ ወደ ከተማው ተዛምቶ ከ30 በላይ ሰዎች ሞቱ። በምርጫ 97 ማግሥት በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. ማብቂያ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች በተነሣው ግጭት፣ የአጣሪ ኮሚሽኑ አባላት ይፋ ባደረጉት ቁጥር 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች ተገድለዋል። ከነዚህ ዕለቶች አንዱም ይፋዊ መታሰቢያ የለውም።

የሠራተኞች ቀንና የጉለሌ ሠራተኞች

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 በማኅበር የመደራጀትንና ሥራ የማቆምን መብት ያውቃል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይወስናል። ዝቅተኛ ደመወዝን የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋምም ይደነግጋል። ዝቅተኛ ደመወዝ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) በሚያዝያ 23 ደጋግሞ የሚያነሣው ጥያቄ ነው።

ይሁን እንጂ አዋጁ የሚመለከተው በውል የተቀጠረን ሰው ነው። ጉለሌ የሚታወቅባቸው ብዙ ሙያዎች ከዚህ ውጭ ናቸው። ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ የመጡት የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ነጠላና ጋቢ የሚሸምኑት በቤታቸው ነው፤ ዋጋውን የሚወስነውም ነጋዴው ነው። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ ሴቶች ጀበናና ምጣድ ሠርተው በገበያ ይሸጣሉ። ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች አሠሪ የላቸውም፣ ማኅበርም የላቸውም። ለነዚህ ሁሉ ሚያዝያ 23 ሥራ የማይዘጋበት የሥራ ቀን ነው።

ስያሜዎች

በአዲስ አበባ የቀን ስም የቦታ ስም ይሆናል። የካቲት 12 ሆስፒታልና የካቲት 12 ትምህርት ቤት (የቀድሞው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት) በደርግ ዘመን የንጉሣዊ ቤተሰብ ስሞች ሲነሡ የተሰየሙ ናቸው። ቀኑ የንጉሣዊ ቤተሰብን ስም ተክቶ ገባ። በአንጻሩ መስከረም 2 የደርግ የአብዮት በዓል ሆኖ ቆይቶ ከደርግ ጋር ቀርቷል። ግንቦት 20ም የኢሕአዴግ ዋና በዓል ሆኖ ከቆየ በኋላ ከ2010 ዓ.ም. ለውጥ ወዲህ ደብዝዟል። የጥላሁን ግዛው መገደያ አፍንጮ በር ግን የጥንት ስሙን እንደያዘ ነው።

የቀን አቆጣጠር

እነዚህ ዕለቶች በኢትዮጵያ አቆጣጠር የማይለወጡ ሲሆኑ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ግን አንዳንዶቹ በአንድ ቀን ይዛነፋሉ። ጳጉሜን 6 ቀን በሆነችበት ዓመት ማግሥት፣ ከመስከረም 1 ጀምሮ ያሉት ቀናት በአውሮፓ አቆጣጠር አንድ ቀን ወደፊት ይገፋሉ። የካቲት 12 አብዛኛውን ጊዜ ፌብሩዋሪ 19 ቢውልም፣ በ2016 ዓ.ም. ፌብሩዋሪ 20 የዋለው በዚህ ምክንያት ነው። ታኅሣሥ 19ም በእንዲህ ያለው ዓመት ዲሴምበር 29 ይውላል። በአውሮፓውያኑ ፌብሩዋሪ 29 ሲጨመር ልዩነቱ ስለሚስተካከል፣ ሚያዝያ 23 ሁልጊዜ ሜይ 1 ነው።

ቀናቱ ባጭሩ

* ታኅሣሥ 4 (1953)፦ የክብር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ መጀመሪያ። ይፋዊ መታሰቢያ የለውም።
* ታኅሣሥ 19 እና 20 (1962)፦ የጥላሁን ግዛው መገደልና በዩኒቨርሲቲው ግቢ የተከፈተው ተኩስ። በትግል ጓዶችና በቤተሰብ ይታሰባል።
* የካቲት 11 (1966)፦ የመምህራንና የታክሲ ነጂዎች አድማ። በደርግ ዘመን ወሩ በጠቅላላው ይወደስ ነበር።
* የካቲት 12 (1929)፦ የሰማዕታት ቀን። በየዓመቱ በስድስት ኪሎ ሐውልት ሥር በይፋ ይታሰባል።
* የካቲት 28 (1966)፦ የመጀመሪያው አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ። ይፋዊ መታሰቢያ የለውም።
* ሚያዝያ 21 (1969)፦ በሠራተኞች ቀን ዋዜማ የተፈጸመው የወጣቶች ግድያ። በቤተሰብ ይታሰባል።
* ሚያዝያ 23፦ ዓለም አቀፍ የሠራተኞች ቀን። የሕዝብ በዓል ነው።